እርሻ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ውሃ፦ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል?

ሰናይት_መ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምንጠጣው የግቢያችንን ጉድጓድ ውሃ ነው። ከግቢው ከፍ ብሎ የጎረቤት እርሻ አለ። በወቅቱ ፀረ-አረም ይረጫል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የተባይ መድኃኒት ይከተላል። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሽታም ጣዕምም የለውም። ሁሌም አፍልተን ነው የምንጠጣው። የሰባት ወር ልጅ አለችኝ፤ የዱቄት ወተቷን የምበጠብጠው በዚሁ ውሃ ነው። ባለቤቴ «የሆነ ነገር ቢኖርበት እስካሁን እንታመም ነበር» ይላል። እኔ ግን ርጭት ባየሁ ቁጥር ልቤ አያርፍም። የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ዝም አይነቅዝም፦

አይዞሽ እህቴ፣ አታካብጂው። የፈላ ውሃ ምን ይኖረዋል? መሬቷ ራሷ ታጣራዋለች እኮ። ስንት ሜትር አፈር አልፎ ነው ጉድጓድ የሚደርሰው። ኢንተርኔት ስታነቢ ከዋልሽ የሚጠጣ ውሃ አታገኚም።

ላብ ኮት፦

ዝም አይነቅዝም፣ አትቀየመኝና ይሄ ምክር ሕፃን ላላት እናት አይሰጥም። ሥራዬ ውሃ ምርመራ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው፤ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ጥገኛ ተውሳክ። ፀረ-ተባይ (ፀረ-አረሙንም ጨምሬ ነው የምለው) ግን በውሃው ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ነው፣ የሚሞት ነገር የለውም። አንዳንዱ በሙቀት ይፈርሳል፣ አንዳንዱ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ ብዙው ግን እዚያው ድስቱ ውስጥ ቁጭ ይላል። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይጠነክራል። አንድ ሊትር ጥደሽ ሩቡ ቢተን፣ በተረፈው ውሃ ውስጥ ያለው የኬሚካል መጠን በሲሶ ይጨምራል። ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሬትም እንደዚሁ ነው። ናይትሬት የጨቅላ ሕፃን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ከንፈርና ጥፍር ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 50 ሚሊግራም ብሎ ጣሪያ ያስቀመጠው በዋናነት ጠርሙስ ለሚጠቡ ሕፃናት ሲባል ነው።

ክሎሪንም አያድንሽም። ብዙዎቹን ፀረ-ተባዮች አይነካቸውም። ከነካቸውም ደግሞ ሁልጊዜ ለበጎ አይደለም፦ ክሎርፓይሪፎስንና ማላታዮንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ከክሎሪን ጋር ሲገናኙ ከመጀመሪያው የባሰ መርዛማ ወደሆነ ቅርጽ ሊቀየሩ ይችላሉ።

ታዲያ ማፍላቱን ተዪው እያልኩ አይደለም! ተቅማጥ ሕፃን የሚጥለው በሰዓታት ውስጥ ነው። አፍዪ፤ ግን ቡልቅ ቡልቅ ሲል አውርጂው። ለረጅም ሰዓት ማንተክተክ ምንም አይጨምርልሽም።

አዲስ ገብ፦

ሽታ ከሌለው ግን ያለው ትንሽ ነው ማለት አይደለም? የተረጨ ቀን እኮ አካባቢው በሙሉ ነው የሚሸተው።

ላብ ኮት፦

የምትሸተው ብዙ ጊዜ ማሟሚያውን ፈሳሽ ነው። መርዙ ራሱ በውሃ ውስጥ በሚገኝበት መጠን አፍንጫም ምላስም አይለየውም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ፀረ-ተባይ የፈቀደው በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው፣ ለሁሉም አንድ ላይ ደግሞ 0.5። ስለዚህ አንድ ግራም ብቻ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ እስከዚያ ጣሪያ ያደርሳል። አሁን የመድኃኒቱን ክዳን አስበው። 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። ፈሳሹ በሊትር 500 ግራም መርዝ ካለው፣ ክዳኑ ውስጥ 5 ግራም አለ። ያን 5,000 ሊትር በቋጠረ ጉድጓድ ውስጥ ድፋው፤ በሊትር 1,000 ማይክሮግራም ሆነ። የአውሮፓው ጣሪያ አሥር ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ውሃው ግን ያው ኩልል ያለ ነው።

የመስኖ ልጅ፦

እኔ ገበሬ ነኝ፣ እረጫለሁም። ሁላችሁም እርሻውን እያያችሁ ነው። እኔ ብሆን የጉድጓዱን አፍ ነው የማየው።

ሰው መርዙን የት ነው የሚበጠብጠው? ውሃ ያለበት ቦታ ነዋ። ሰውየው የጀርባ ፓምፑን የጉድጓዱ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጣል። የጠርሙሱን አፍ የሸፈነችውን ስስ ወረቀት በጥርሱ ይልጣትና እዚያው ይጥላታል። አንድ ክዳን፣ አንዳንዱ ደግሞ «ትንሽ ጠንከር ይበል» ብሎ ሁለት ክዳን ይጨምራል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ በሚወርደው ባልዲ ውሃ ይቀዳና ፓምፑን ይሞላል። አረፋው ሞልቶ ይፈሳል፣ በሲሚንቶው ስንጥቅ ገብቶ ይጠፋል። ባልዲው ላይ የተረጨውን ማን አየ? ተመልሶ ጉድጓድ ይወርዳል። ማታ ደግሞ ሥራ ሲያልቅ ፓምፑ የሚታጠበው እዚያው ነው፤ አጣቢው እጁንና እግሩንም የሚታጠበው እዚያው። እጣቢው የት እንደሚሄድ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በሞተር ፓምፕ የሚሞሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ጎማውን መርዝ የተበጠበጠበት በርሜል ውስጥ ነክረው ይተዉታል። ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ ጎማው የበርሜሉን ውሃ መልሶ ወደ ጉድጓድ ይስባል። አንድ ጊዜ ይበቃል።

ስለዚህ ሰናይት፣ ጎረቤትሽ ምን እንደሚረጭ ከመጠየቅሽ በፊት ፓምፑን የት እንደሚሞላና የት እንደሚያጥብ ጠይቂው።

ላብ ኮት፦

የመስኖ ልጅ ዋናውን ነገር ተናገረው። እርሻ ላይ የሚረጨው በብዙ ውሃ ቀጥኖ፣ በሰፊ መሬት ተበትኖ ነው። አብዛኛው ቅጠልና አፈር ላይ ይቀራል፣ ፀሐይና ተህዋስያን ይበሉታል። ጉድጓድ አፍ ላይ የሚፈሰው ግን ገና ያልቀጠነው፣ በጣም ጠንካራው ነው። የሚያቆመው አፈርም የለም። አንድ ብቻውን የተመረዘ የግቢ ጉድጓድ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው መበጥበጫውንና ማጠቢያውን ነው።

ዝም አይነቅዝም «መሬቷ ታጣራዋለች» ያልከው ግማሹ ልክ ነው። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ዲዲቲ፣ ፓራኳት፣ ግላይፎሴት አፈር ላይ ጥብቅ ብለው የሚጣበቁ ናቸው። በአፈር ሰርገው ጥልቅ ውሃ ድረስ የመውረድ ዕድላቸው ትንሽ ነው። ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ሲወስድ ግን አብረው ሄደው ክፍት ጉድጓድ፣ ኩሬና ወንዝ ይገባሉ። አትራዚንና አልዲካርብን የመሳሰሉት ደግሞ አፈሩን ብዙም ሳይዙ ከውሃው ጋር ቁልቁል ይወርዳሉ። በተለይ አሸዋማ መሬት ከሆነና የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ አያድርስ ነው።

ምሳሌ ልስጥ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ የሚባል ደሴት አለ። አፈሩ አሸዋ ነው፣ ሰዉ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ድንች እርሻ ላይ አልዲካርብ ይጨመር ነበር። አፈር ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፣ ውሃው ጋ አይደርስም ተብሎ ነበር የታሰበው። በ1979 ጉድጓዶቹ ሲመረመሩ ተገኘ። ከዚያ በተካሄደው ሰፊ ምርመራ ከ1,000 በላይ ጉድጓዶች በአካባቢው ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ ሆነው ተገኙ። መሬቷ አላጣራችም።

ዝም አይነቅዝም፦

እሺ፣ መሬቷን ተውኳት። ግን ነገሩን ከልክ በላይ አታስፈሩት። ዛሬ መሣሪያው ረቀቀና የሌለ የሚመስለውን ሁሉ ያገኛል። «ተገኘ» ማለት «ይጎዳል» ማለት ነው እንዴ? ጨውም ሲበዛ ይገድላል። 0.1 ያለፈ ሁሉ ታመመ?

ላብ ኮት፦

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው።

አይደለም፣ 0.1 ያለፈ ሁሉ አይታመምም። ይህ የአውሮፓ ቁጥር በ1980 ሲወጣ የጤና ስሌት አልነበረም። «የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፀረ-ተባይ መኖር የለበትም» የሚል አቋም ነበር፤ 0.1 በጊዜው መሣሪያዎች ሊለዩት ከሚችሉት ዝቅተኛ መጠን ጋር የተቀራረበ ነበር። ስለዚህ ለአትራዚን ሦስት ቁጥር ታገኛለህ፦ አውሮፓ 0.1፣ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት 3፣ የዓለም ጤና ድርጅት 100 ማይክሮግራም በሊትር። የድርጅቱ 100 የአትራዚንን ስብርባሪዎች፣ ማለትም ሲፈርስ የሚወጡትን ኬሚካሎች ጭምር አንድ ላይ የሚቆጥር ነው። ሰው ይህን ሲያይ ግራ ይጋባል። ልዩነቱ ግን የመጣው ከመነሻው ጥያቄ ነው። አንዱ «ውሃው ንጹሕ ነው ወይ?» ይላል፣ ሌላው «ዕድሜ ልክ ቢጠጣ ይጎዳል ወይ?» ይላል።

የጤናው ስሌት እንዴት እንደሚሠራ በክሎርፓይሪፎስ ላሳይህ። ሰው በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም የተባለው በአንድ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ሰው ከሆነ 0.6 ሚሊግራም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ለውሃ የሚመደበው 10 በመቶው ነው፣ ሌላው በምግብና በሌላ መንገድ ይመጣል ተብሎ። 0.06 ሆነ። በቀን ሁለት ሊትር ለሚጠጣ ሰው ሲካፈል በሊትር 0.03 ሚሊግራም፣ ማለትም 30 ማይክሮግራም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ነው።

አሁን ስሌቱ ውስጥ ያለውን ሰው ተመልከት። 60 ኪሎ ነው። የሰናይት ልጅ 60 ኪሎ አይደለችም። ድርጅቱ ራሱ ስለ ጠርሙስ ጠቢ ሕፃን ሲያሰላ 5 ኪሎና በቀን 0.75 ሊትር ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲታሰብ ሕፃኗ ከአዋቂው አራት እጥፍ ተኩል ያህል ውሃ ትጠጣለች። አንጎሏ ደግሞ ገና እየተሠራ ነው። የክሎርፓይሪፎስ ነገር ዋናው ጭቅጭቅም እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2019 መረጃውን መርምሮ «አይጎዳም የሚባል መጠን ማስቀመጥ አልችልም» አለ፤ ምክንያቶቹ በዘረ-መል ላይ ያለው ስጋትና የሕፃናት አንጎል ዕድገት ነበሩ። በ2020 ፈቃዱ ተነሣ። በ2025 ደግሞ ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን ለማስወገድ በተፈረመው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገባ።

እና መልሴ ይኸውልህ፦ አዋቂ ሰው በ0.2 አይደነግጥ። ሕፃን ያለበት ቤት ግን በ60 ኪሎ ሰው ስሌት ልቡ አይሙላ።

ዝም አይነቅዝም፦

ይሄኛው ገብቶኛል። ለሕፃኗ የተለየ ውሃ ፈልጉላት፣ ይኼን አልቃወምም። በተረፈ ሰናይት እንቅልፍ አትጪ።

ነርስ ኤልሳ፦

የሰናይት ባለቤት «ቢኖርበት እንታመም ነበር» ያሉት ብዙ ሰው የሚለው ነገር ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ይጠይቃል።

አንደኛው ድንገተኛ መመረዝ ነው። ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች ነርቭ ላይ መልእክቱን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዳሉ። መልእክቱ ሳይጠፋ ይቀራል። ምልክቱ በጣም ግልጽ ነው፦ ምራቅ ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ዓይን ያነባል፣ የዓይን ብሌን እንደ ነጥብ ይጠብባል፣ ማስመለስና ተቅማጥ ይከተላል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲደፋ ወይም ሰው በመርዝ ዕቃ ውሃ ሲጠጣ ነው። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነ ውሃውን አቁሙ፣ ሩጡ ወደ ሐኪም ቤት። የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም ጽሑፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ማርከሻውን የሚመርጠው በዚያ ነው። እንዲያስመልስ ብላችሁ ጣት ጉሮሮ ውስጥ አትክተቱ። ወተት አጠጡት የሚባለውንም ተዉት።

ሁለተኛው በትንሽ በትንሹ የሚጠራቀም ነው። ይሄኛው አያስመልስም፣ አያስነጥስም። ዲቢሲፒ የሚባል የአፈር ትል ማጥፊያ ነበር። በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠራበት ፋብሪካ ሠራተኞች ልጅ አልወልድ ብሎናል ብለው ተመረመሩ። በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ያለው የወንድ ዘር ሕዋስ ቁጥር ወርዶ፣ አንዳንዶቹ ጋ ጭራሽ ጠፍቶ ተገኘ። ያላመማቸው፣ ከሥራ ያልቀሩ ጤነኛ ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱ ታገደ፣ በ1979 ደግሞ እዚያው ካሊፎርኒያ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ተገኘ፤ ከታገደ ከብዙ ዓመት በኋላም አልጠፋም።

ክሎርዴኮን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ደግሞ ማርቲኒክና ጓድሉፕ የሚባሉት በፈረንሳይ ሥር ያሉ የካሪቢያን ደሴቶች ያውቁታል። ከ1972 እስከ 1993 ሙዝ ላይ ይጨመር ነበር። ልብ በሉ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚያመርተው ፋብሪካ በ1975 ሠራተኞቹ እየተንቀጠቀጡ ሐኪም ቤት ስለገቡ ተዘግቷል። ደሴቶቹ ላይ ግን ቀጠለ። በ1999 በመጠጥ ውሃቸው ውስጥ ተገኘና የካርቦን ማጣሪያ ተተከለ። ዛሬም ከአዋቂው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ በሚሆነው ደም ውስጥ ይገኛል። ከፕሮስቴት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ተጠንቶ፣ ፈረንሳይ በ2021 በእርሻው ለሠሩት ሰዎች የሥራ በሽታ ነው ብላ ተቀብላለች።

በሌላ በኩል፣ ራስ ምታት ሁሉ የጉድጓዱ ነው አትበሉ። ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ደም ማነሱን ሳያስመረምሩ «ውሃው ነው» ብለው ዓመት የሚቀመጡ አሉ። ያም ያስቆጣኛል።

አዲስ ገብ፦

የመርዙን ጀሪካን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ደጋግሜ ካጠብኩት ለውሃ መቅጃ ይሆናል? ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ መጣሉ ያሳዝናል።

የመስኖ ልጅ፦

አይሆንም! ለመጠጥ አይሆንም፣ ለከብትም አይሆንም፣ ለጋዝ ማስቀመጫም አይሆን፤ ነገ ሌላ ሰው ውሃ ይሞላበታልና።

ፕላስቲኩ መርዙን ወደ ውስጡ ይመጠዋል። ብታጥበው ላዩ ይጸዳል፣ ውስጡ የገባው ግን ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ባዶ እንደሆነ ወዲያው ሩቡን ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምረህ ከድነህ በደንብ ትንጠዋለህ፣ ፓምፑ ውስጥ ትገለብጠዋለህ። ሦስት ጊዜ። እጣቢው ከርጭቱ ጋር እርሻው ላይ ያልቃል፣ የትም አይደፋም። ከዚያ ቂጡን በሚስማር ትበሳዋለህ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት። ማቃጠልም መቅበርም የለም፤ የሚሰበሰብበት ቦታ ካለ እዚያ ይሰጣል።

አወያይ፦

የስልክ ቁጥርና የ«ተአምረኛ ማጣሪያ» ማስታወቂያ የያዘ አንድ መልስ አንስተናል። ዕቃ መሸጫው ክፍል ሌላ ነው። ውይይቱ ይቀጥል።

ሰናይት_መ፦

ስለ ማጣሪያ ልጠይቅ ስል እኮ ነው የተነሣው። የሸክላ ማጣሪያ አለን። እሱ ይይዘዋል? የከሰል የሚባለውስ? ቤት ያለ ከሰል ፈጭቼ ብጠቀምስ?

ላብ ኮት፦

ሸክላው ጀርምና ጭቃ ይይዛል። የሟሟ ኬሚካል ግን ከውሃው ጋር አብሮ ያልፋል። ውስጡ የካርቦን እምብርት ያለው ዓይነት ከሆነ ነገሩ ይለያል።

ለፀረ-ተባይ የሚሠራው አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ነው። በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ተዘጋጅቶ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። የምድጃ ከሰል ያን ያህል ቀዳዳ የለውም፤ ፈጭተሽ ብታሳልፊበት ልብሽን ያሳርፈው ይሆናል እንጂ ልትተማመኚበት አትችይም።

ካርቦን ጥሩ ነው፣ ግን ተንኮል አለው። ወንበሩ የተቆጠረ አውቶቡስ በይው። ቦታ እስካለ ድረስ ኬሚካሉን ያሳፍራል። ሲሞላ አዲሱ ዝም ብሎ ያልፋል፣ የበለጠ የሚጣበቅ ነገር ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ የተቀመጠው ወርዶ ወደ ብርጭቆሽ ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም። ውሃው ያው ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ «ጣዕሙ ሲቀየር እቀይረዋለሁ» አይሠራም፤ አምራቹ የጻፈውን የሊትር ልክ መቁጠር ነው። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ደግሞ ከተጻፈው ቀድሞ ይሞላል። በዚያ ላይ ካርቦኑ ውስጥ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፣ ስለዚህ ለልጅሽ ካጣራሽ በኋላ አፍዪው።

ስትገዢ «99 በመቶ ያጸዳል» የሚለውን አትመኚ። ምኑን ነው የሚያጸዳው? የቧንቧ ውሃን የክሎሪን ጠረን ለማጥፋት የተሠራ ማጣሪያና ለጤና ጎጂ ኬሚካል የተፈተነ ማጣሪያ አንድ አይደሉም። ኤንኤስኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ መዳቢ ድርጅት ደረጃ ያለው ከሆነ 42 ቁጥር ለጣዕምና ለጠረን ነው፣ 53 ቁጥር ለጤና ጎጂ ነገሮች። 53ም ሆኖ የትኞቹን ኬሚካሎች እንደተፈተነ ዝርዝሩ ላይ እይ።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃውን በስስ ሽፋን ውስጥ ገፍቶ የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ አብዛኛውን ፀረ-ተባይም ናይትሬትንም ይቀንሳል። ግን ግፊት ይፈልጋል፣ ብዙ ውሃም ያባክናል። ካርቦን ናይትሬትን አይነካም፣ ይህን አትርሺ።

የመስኖ ልጅ፦

ማጣሪያ ከመግዛትሽ በፊት መበጥበጫውን አርቂ። ጉድጓዱ ላይ በየሳምንቱ መርዝ እየፈሰሰ ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

አዲስ ገብ፦

ማስመርመርስ አትችልም? ላቦራቶሪ (ላብ) ወስዳ «መርዝ አለው ወይ» ብላ መጠየቅ ነው።

ላብ ኮት፦

እንደዚያ ብላ ከጠየቀች ላቡ ይቸገራል። «መርዝ» የሚባል አንድ ምርመራ የለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች አሉ፣ መሣሪያው የሚያገኘው እንዲፈልግ የታዘዘውን ነው። ግላይፎሴት ደግሞ ከብዙዎቹ ጋር አብሮ አይታይም፣ የራሱ የተለየ አሠራር ይፈልጋል። ስለዚህ የተረጨውን መድኃኒት ስም ይዞ መሄድ ግድ ነው። የንግድ ስሙን ሳይሆን በደቃቁ የተጻፈውን የመርዙን ስም። የጠርሙሱን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

ላቡ የሚፈልገው ስብርባሪውንም ጭምር እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስዊዘርላንድ ክሎሮታሎኒል የሚባለውን የሻጋታ መድኃኒት ለአሥርት ዓመታት ተጠቅማበታለች፣ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ አገደችው። መድኃኒቱ ራሱ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ከሱ ፍራሽ የሚወጡት ግን በእርሻው አካባቢ ባለው የከርሰ ምድር ውሃ በሰፊው ተገኙ፣ ከ0.1 በላይ። ያለ ስብርባሪው ቢመረመር ውጤቱ «ንጹሕ» ነበር የሚለው።

ገንዘቡ ከከበደ በናይትሬት ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይሠራል። ናይትሬቱ ከፍ ካለ ከላይ ያለው ነገር ጉድጓዱ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው፣ ለፀረ-ተባዩ ምርመራ መክፈል ያኔ ትርጉም አለው። ዝቅ ካለ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ጉድጓድ አፍ ላይ የተደፋ መርዝ ናይትሬት ይዞ አይመጣም።

ሰናይት_መ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤታችንን አነጋገርኳቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በቀና ነው የመለሱልኝ። ፓምፑን የሚሞሉት ከኛው ጉድጓድ ነው። ባለቤቴ ነው የፈቀደላቸው፣ እኔ አላውቅም ነበር። ጠርሙሶቹን አሳይተውኛል። አንዱ አትራዚን ይላል፣ አንዱ 2,4-ዲ፣ ሌላው ክሎርፓይሪፎስ። ከእንግዲህ ውሃውን በጀሪካን ወስደው እርሻው ዳር ይበጠብጣሉ። ለልጄ ውሃ ከእህቴ ቤት ቧንቧ እያስመጣሁ ነው። ናሙናውን መቼ ልውሰድ? በምን ዕቃ?

ላብ ኮት፦

ጥሩ አድርገሻል። የሞላ ፓምፕም ጉድጓዱ ጋ አይቀመጥ፣ ማጠቢያውም ይራቅ። በሲሚንቶው ዙሪያ ያለውን ስንጥቅ ድፈኑት፣ የዝናብ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ከጉድጓዱ ወደ ውጭ እንዲፈስ አድርጉት።

ናሙናውን በደረቅ ወቅት አትውሰጂ። ከርጭት በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው ከፍተኛው የሚታየው። ዕቃውን ከላቡ ተቀበዪ፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ጠርሙስ ነው የሚሰጡት። የለስላሳ ፕላስቲክ አትጠቀሚ። መርጫ በነካ እጅ አትቅጂ። በቅዝቃዜ ይዘሽ ቶሎ አድርሺው። ለላቡ ሦስቱን ስሞች ስጪ፣ ለአትራዚን ደግሞ «ስብርባሪውን፣ ደኤቲልአትራዚንንም እዩልኝ» በያቸው። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናነበዋለን።

ነርስ ኤልሳ፦

ሰናይት፣ ጡት የምታጠቢ ከሆነ በዚህ ፈርተሽ እንዳታቆሚ። አንቺም ግን እስኪታወቅ ድረስ ከልጅሽ ውሃ ጠጪ። ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለችም እሷም እንዲሁ።

አዲስ ገብ፦

የጣሪያ ዝናብ ውሃ ብታጠራቅምስ? ከመሬት ስላልነካካ ንጹሕ አይደለም?

የመስኖ ልጅ፦

ርጭት ባለበት ሰሞን አይደለም። ነፋስ ያመጣው የርጭት ብናኝ ጣሪያው ላይ ያርፍና የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ በርሜል ውስጥ ይከተዋል። የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ውጭ ማፍሰስ፣ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የሚመጣውን መያዝ ነው። በርሜሉም ክዳን ይኑረው። የመርዝ በርሜል እንዳይሆን ብቻ!